አልለቅ ያለን ቢጫ

አንድ ምክር ልስጣችሁ። የምትወዱት ሰው ካለ፣ ያ ሰውም የላብራቶሪ ፈተና ካለበት፣ በዚያን ዕለት ጭኮ አታብሉት። ዳቦ አብሉት፣ ሙዝ ግዙለት፣ ካልሆነም ፈተናው እስኪያልቅ ተርቦ ይዋል። ጭኮ ግን አይሆንም። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ በራሴ ደርሶ ነው። በራሴ ላይ ብቻ ቢደርስማ ደግ ነበር።

ጭኮ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። እኛ አርሲ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ማስረዳቱን አልለመድኩትም፤ እሞክራለሁ። ገብስ ይቆላና ይፈጫል። ከዚያ ቅመም ባለው የተነጠረ ቅቤ ይለወሳል፤ ጨው ይጨመርበታል። ቅቤው ሲረጋ ጠንካራ ይሆናል፤ ለሳምንታት ሳይበላሽ ይቆያል። ስለዚህ ልጅ ለትምህርት ከቤት ሲወጣ እናት የምትልክለት እሱን ነው። የእኔ እናት ደግሞ ጨው ሲበዛ ደስ ይላታል። «ጨው ያነሰው ጭኮ ልጁ እንዳልተወደደ ያስመስላል» ባይ ናት። እኔ እጅግ የተወደድኩ ልጅ ነኝ። በዚያ ፈተና ላይ ምን ያህል እንደተወደድኩ በመሣሪያ ተረጋግጧል።

የሳጉሬ ልጅ ነኝ፤ የምማረው አሰላ ነው፤ አንደኛ ዓመት። ሚኒባሱ ከሳጉሬ ሞልቶ ከተነሳ ረዳቱ ሂሳብ ተቀብሎ ሳይጨርስ አሰላ ይደርሳል። የዶርም ጓደኞቼ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸውና ቤታቸው ሲናፍቃቸው ያምርባቸዋል። አልጋቸው ላይ ተጋድመው ጣራ ሲያዩ ሰው ሁሉ ያዝንላቸዋል። እኔ ግን ናፈቀኝ ለማለት አፍር ነበር። ከግቢያችን በር ላይ ሆኜ የማየው ጭላሎ ከቤታችን ጓሮ የማየው ያው ጭላሎ ነው፤ የተቀየረው ጎኑ ብቻ ነው። ከተራራው በዚህኛው ጎን ሆነው የዚያኛውን ጎን መናፈቅ በሽታ እንጂ ናፍቆት አይባልም እያልኩ ራሴን ስገሥጽ ከረምኩ።

ናፍቆት ከርቀት ጋር ያን ያህል ግንኙነት እንደሌለው የገባኝ ሃያትን ካወቅሁ በኋላ ነው። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ትናፍቀኝ ጀመር።

ሃያት የላብራቶሪ ጓደኛዬ ናት። ስማችን ተከታትሎ ስለመጣ በአንድ ጠረጴዛ ተመደብን፤ አንድ መሣሪያ ለሁለት። የቆላዋ የኦጎልቾ ልጅ ስለሆነች የአሰላን ብርድ እንደ ግል ጠላቷ ነው የምታየው። ሹራብ በሹራብ ላይ ትደርብና ከላይ ነጩን ጋውን ትለብሳለች፤ ከዚያ ሁሉ ልብስ መሃል ቀይ ሂጃቧና ሁለት ፈጣን ዓይኖች ብቻ ይታያሉ። እኔ በአንድ ሸሚዝ ስመጣ፣ «አንተ የሳጉሬ ልጅ፣ ደምህ ከምንድን ነው የተሠራው?» ትለኛለች። እኔም በርዶኝ እየተንቀጠቀጥኩ «ምንም አይል» እላታለሁ። ሹራብ የለኝም ማለት አይደለም። ያንን ጥያቄ በየሳምንቱ እንድትጠይቀኝ ስለምፈልግ ነው ሹራቤን ዶርም የምተወው። በዚህ ምክንያት አንድ ሴሚስተር ሙሉ ስሳል ከረምኩ።

የሚያስተምሩን መምህር ገመዳ ናቸው፤ እኛ ቲቸር እንላቸዋለን። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ጠመኔ ሲይዙ ግን ስለ አቶም የሚያወሩት ስለ ሰፈራቸው ሰው እንደሚያወሩ ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር እሳት ውስጥ ሲገባ የራሱን ብርሃን ይሰጣል። ያንን ብርሃን ስፔክትሮስኮፕ በሚባለው መሣሪያ ቱቦ ውስጥ ስታዩት ተበትኖ፣ በጨለማ ላይ የተሰመሩ ቀጫጭን ባለቀለም መስመሮች ሆኖ ይታያል። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ደማቅ ቢጫ መስመር አለው። ሊቲየም ቀይ አለው። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያውቃል። እስከዚህ ድረስ ለእኔም ገብቶኛል።

አንድ ቀን ቲቸር ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ጉብታ ሣሉ።

«እነዚህ ሁለት መስመሮች ጎረቤት ናቸው» አሉ። «ጋዙ ስስ ሲሆን ሁለቱም ቀጭን ናቸው፤ ተለያይተው ይቆማሉ። ጋዙን ጨናንቁት። ሞለኪውሎቹ ይጋጫሉ፤ መስመሮቹ ይሰፋሉ፤ ጫፋቸው ይነካካል። አሁን ሰነፍ ተማሪ ምን ይላል? ሁለቱን ደምሬ ጨረስኩ ይላል። አልጨረስክም! ግጭቱ ሲበዛ ሞለኪውሉ የዚህኛውን መስመር ብርሃን ሊሰጥ ሲል ተገፍቶ ወደዚያኛው ይሻገራል። የዚያኛውም ወደዚህ ይሻገራል። ያን ጊዜ የእኔ የአንተ የሚባል ነገር ይቀራል። ጠርዛቸው ይደክምና ወደ መሃል ይሰበሰባሉ። በመጨረሻ አንድ መስመር ናቸው።»

ክፍሉ በሙሉ ይጽፋል። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ የሃያትን እጅጌ አያለሁ። እጅጌዋና እጅጌዬ ሊነካኩ ጥቂት ነው የቀራቸው። ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ መምህራንን ደስ እንደሚያሰኝ ስለማውቅ ሁልጊዜ እጄን አነሳለሁ፤ ያን ቀንም አነሳሁ። ያን ቀን ግን መምህሩን ለማስደሰት አልነበረም።

«ቲቸር፣ አንዴ ከተቀላቀሉ በኋላ ሊለያዩ ይችላሉ?»

«ግፊቱን ከቀነስክላቸው ይለያያሉ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ሃያት ወደ እኔ ዘንበል አለች። «አንተ፣ ፊትህ ምነው እንዲህ ሆነ? መስመሮቹ ዘመዶችህ ናቸው እንዴ?»

ዘመዶቼ እንዳልሆኑ ነገርኳት። በሌላ አማርኛ ማስረዳት ይቻል ነበር፤ አላስረዳሁም።

የሴሚስተሩ ማብቂያ ሲቃረብ ወሬ መጣ። ውጤታቸው ከፍ ያለ ጥቂት ተማሪዎች ጅማ ሄደው ፋርማሲ እንዲማሩ ይፈቀድላቸዋል ተባለ። ሃያት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምታወራው ፋርማሲ ነው። አባቷ የማያቋርጥ መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ናቸው። መድኃኒቱ ኦጎልቾ ሲጠፋ አሰላ፣ አሰላ ሲጠፋ አዳማ እየሄዱ ሲፈልጉ እሷ እጃቸውን ይዛ ነው ያደገችው። «የመድኃኒት ቤት መስኮት ስንት ዓይነት ቁመት እንዳለው ጠይቀኝ» አለችኝ አንድ ቀን። «መጀመሪያ ከበላዬ ነበር፤ ከዚያ አገጬ ጋ፤ አሁን ደረቴ ጋ ነው። በቃኝ። አሁን በውስጥ በኩል መቆም ነው የምፈልገው።» ውጤቷ ደግሞ ጠርዝ ላይ ነበር። የመጨረሻውን የላብራቶሪ ፈተና በጥሩ ነጥብ ካለፈች ጅማ። ካልሆነላት እዚሁ አሰላ ፊዚክስ፤ ከእኔ ጋር፤ ምናልባትም በአንድ ጠረጴዛ፤ ምናልባትም ለዓመታት።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ክፉ ልጅ አይደለሁም። ለእሷ ፋርማሲ እንዲሆንላት ጸልያለሁ። ጸሎቱን ግን ቶሎ ቶሎ ነበር የምጸልየው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ለሁለት ሰው በትንሽ ሳህን ምንነቱ ያልተነገረ ነጭ ዱቄት ይሰጣል። ቀጭን ሽቦ በአሲድ ታጸዳላችሁ፣ ዱቄቱን በሽቦው ጫፍ ትነካላችሁ፣ በርነር በሚባለው የጋዝ ማንደጃ ነበልባል ውስጥ ታስገባላችሁ፣ በስፔክትሮስኮፕ አይታችሁ ምን እንደሆነ ትጽፋላችሁ። ዱቄቱ ካለቀ ሌላ የለም። ሁለታችሁም በየግላችሁ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ነው የምትጽፉት። ቲቸር ዋዜማው ላይ ይህን ሁሉ ከነገሩን በኋላ፣ «ለማንም ሶዲየም አልሰጥም» አሉ። «ሶዲየም ብሎ የጻፈልኝ ሰው እጁን ሳይታጠብ የመጣ ሰው ነው።» ሁሉም ሳቀ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

የፈተናው ቀን ጠዋት እማዬ ደወለች።

«ሚኒባሱ ላይ ሰጥቻለሁ፤ ሂድና ተቀበል። ረዳቱ ቀይ ኮፍያ ያደረገው ነው።»

«እማዬ፣ ፈተና አለኝ እኮ!»

«ታዲያ በባዶ ሆድህ ልትፈተን ነው? ቶሎ በል። ጓደኛህንም አቅምሳት።»

እኔ ለእማዬ የነገርኳት «ላብራቶሪ አብሮኝ የሚሠራ ጎበዝ ልጅ አለ» ብዬ ነበር። ሌላ ምን እንደምታውቅ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። መነኸሪያ ሮጥኩ፤ ያን ጠዋት መነኸሪያው ውስጥ ቀይ ኮፍያ ያላደረገ ረዳት አልነበረም፤ ሁሉንም ጠየቅሁ፤ የመጨረሻው ሰጠኝ። እየሮጥኩ ተመልሼ ላብራቶሪው በር ላይ ስደርስ ሃያት እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ቀብራ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ጭኮ። እናቴ ልካ ነው። አቅምሳት ተብያለሁ።»

«ማንን? እኔን? እናትህ ያውቁኛል?»

«አታውቅሽም። ማለቴ... የምታውቅሽ ይመስለኛል።»

ጎንበስ ብላ ጭኮውን አየች። «ሥጋ የለበትም አይደል?»

«ገብስና ቅቤ ነው።»

«እንግዲያው ቢስሚላህ። እናት የላከችው አይመለስም።» አንዷን ድቡልቡል አንስታ ነከሰች። ጭኮው በብርዱ ደርቆ ነበር። «ወላሂ፣ ይሄ ምግብ ነው ወይስ የግንብ ድንጋይ? ጥርሴን ካወለቅህ በኋላ ለጅማ ማን ይቀበለኛል?» አለችና እየሳቀች መለሰችልኝ። «ስንወጣ እበላዋለሁ። እንዲለሰልስ አድርግልኝ።»

እንዲለሰልስ አድርግልኝ! አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከእኔ የጠየቀችው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። በሩ ላይ «ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ አለ። ያንን ማስታወቂያ ሁልጊዜ ስገባ ቆሜ የማነብ ተማሪ እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ያልፉታል። ያን ቀንም ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ጭኮውን በፌስታል ጠቅልዬ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ገባሁ።

ገብቼም ዝም አላልኩም። በርነሩ ሲለኮስ ኪሴን ወደ ሙቀቱ ጠጋ አደረግሁ። በየመሃሉ ለስልሶ እንደሆነ ለማየት ጣቴን ኪሴ ውስጥ እየሰደድኩ ጫን ጫን አደርገው ነበር። ሃያት መሣሪያውን ስታስተካክል እኔ ከላይ ሆኜ ሽቦውን በጣቶቼ አቃናሁ፤ ዱቄቱንም ሳህኑ ውስጥ እንዳይጓጉል ፈተግ ፈተግ አደረግሁት። ሥራ የማግዝ እየመሰለኝ ነው።

«በል አስገባ» አለች፤ ዓይኗን ቱቦው ላይ አድርጋ።

አስገባሁ። ነበልባሉ እንደ አደይ አበባ ቦግ አለ።

«ቢጫ ነው» አለች። «ሽቦው አልጸዳም። እጠበው።»

በአሲድ አጠብኩት። በጣቴ አደረቅሁት። አስገባሁ።

«ደግሞ ቢጫ!»

ከአጠገባችን ያለው ጠረጴዛ ላይ ብሩክ የሚባል አፈኛ ልጅ አለ። የእነሱ ዱቄት ደማቅ ቀይ ሰጥቷቸው ገና ከመጀመራቸው ጨርሰዋል። አንገቱን አስግጎ አየንና፣ «ጨው አገኛችሁ? እንኳን ደስ ያላችሁ! በሉ ወጡን ሥሩት፤ እንጀራውን እኛ ይዘን እንመጣለን» አለ።

ሃያት ቀና ብላ እጄን አየች። «እጅህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያብለጨልጨው?» ይዛ አሸተተችው። በሌላ ጊዜ እጄን ብትይዘኝ ለአንድ ወር የሚበቃ ደስታ ይሆነኝ ነበር። «ቅቤ! በአላህ! ኪስህ ውስጥ ነው እንዴ ያስገባኸው?»

ወደ ታች አየሁ። የጋውኔ ኪስ ከነፌስታሉ ቢጫ ሆኖ ጋውኔን እያረጠበ ወደ ጉልበቴ እየወረደ ነው። ሃያት መጀመሪያ ሳቀች፤ አፏን በእጅጌዋ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ ዱቄቱ ላይ ወረደ። በነጩ ዱቄት መሃል እዚህም እዚያም የገብስ ፍርፋሪ አለ። ሳቋ ቆመ።

«ምንም አይደል፣ ቆይ፣ ቆይ» ብዬ ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። እጄን በሳሙና አጠብኩ። ጥንቁቅ ስለሆንኩ ሽቦውንም በሳሙና ፈገፈግሁት። ማንኪያውንም። ጠረጴዛውንም። የሳሙና ሽታ ላብራቶሪውን ሞላው። በኩራት ተመልሼ ሽቦውን ብቻውን፣ ያለ ዱቄት፣ እሳቱ ውስጥ አስገባሁት። ከእስከ አሁኑ ሁሉ የበለጠ ቢጫ ሆነ።

ቲቸር ሲያልፉ ቆም አሉ። «በምን አጠብከው?»

«በሳሙና ነው ቲቸር። በደንብ አድርጌ!»

«ሳሙና ከምን ይሠራል?»

ይህ ጥያቄ በወረቀት ፈተና ላይ መጥቶ በትክክል መልሼዋለሁ። «ከቅባትና ከ...» አልኩ። የቀረውን ለመናገር አፌ እምቢ አለኝ። ቅባቱን ከኪሴ፣ ሶዲየሙን ከቧንቧው ሳሙና አሟልቼ ነበር።

«አዎ» አሉና ሄዱ።

በአሰላ ብርድ፣ በአንድ ሸሚዝ፣ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ግንባሬን በእጄ ጠረግሁና ሽቦውን ላነሳ ስል ሃያት፣ «አትንካ!» አለች። «ላብም ጨው ነው። ምንም ነገር እንዳትነካ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥና እጅህን ወደ ኋላ አድርግ።» እንደ ተያዘ ሌባ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ተቀመጥኩ። ብሩክ በጣም ተደሰተ።

እሷ ብቻዋን ሽቦውን በአሲድ እየነከረች፣ እያጋለች፣ ነበልባሉ ንጹሕ እስኪሆን አጸዳችው። ከዚያ ፍርፋሪ ያልነካው ከመሰላት የሳህኑ ጥግ ትንሽ ነክታ አስገባች። ቢጫ። ደግማ ሞከረች። ቢጫ። በየሙከራው ዱቄቱ እያነሰ ይሄዳል። የእናቴ ጨው ሁሉም ጋ ደርሷል።

ሃያት ሽቦውን አስቀመጠች። አልተንሰቀሰቀችም፤ ዝም ብላ ሳህኑን እያየች ነው እንባዋ ጉንጯ ላይ የወረደው። አገጯ በትክክል ከሳህኑ በላይ ነበር።

«እንዳታለቅሺ!» አልኳት ደንግጬ። «እንባ እኮ...»

«እንባ ጨው መሆኑን አውቃለሁ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ብሩክ እንኳ አልሳቀም።

ማጽናናት ነበረብኝ። ያለኝን ቃል ሁሉ ፈለግሁ፤ የተገኘው ይህ ብቻ ነው፦ «ፊዚክስም እኮ ጥሩ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ፊዚክስ መስኮት አለው?» አለች።

 ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ «ፊዚክስም ጥሩ ነው» ስል ድምፄ ውስጥ ተስፋ ነበረ። ከታች ከታች፣ እኔው በማላየው ቦታ፣ ቢጫው እንዳይለቅ የሚፈልግ ሰው ተቀምጦ ነበር። ያ ሰው ጋውን ለብሷል። ኪሱ ቅቤ ነው።

ሌሎቹ ተማሪዎች አንድ በአንድ ጨርሰው ወጡ። ብሩክም «አይዟችሁ» ብሎ ወጣ። ሃያት በሂጃቧ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ነበልባሉን ፍዝዝ ብላ ታየው ጀመር። ድንገት፣ «ቆይ እስቲ» አለች። «ቢጫው ሌላውን መስመር ምን ያደርገዋል?»

«ይሸፍነዋል።»

«እንዴት አድርጎ? ቦታቸው እኮ የተለያየ ነው። ቲቸር የነገሩን መስመሮች የተቀላቀሉት ጎረቤት ስለሆኑና ስለተጨናነቁ ነው። እዚህ ተራ ነበልባል ነው፤ ማን ማንን ይገፋል? ዱቄቱ ውስጥ ያለው ነገር የራሱን ብርሃን አሁንም እየሰጠ ነው። ቢጫው አልነካውም። የያዘው የእኛን ዓይን ነው።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችው ሁሉ ትእዛዝ ነበር፤ እኔም ትእዛዝ ስቀበል ጎበዝ ነኝ። ብርሃን የሚገባበትን ክፍተት ፀጉር እስኪያክል አጠበብን። የምናይበትን ቱቦ ቢጫው ከዓይናችን ወሰን እስኪወጣ ድረስ ወደ ቀዩ ዳር አዞርነው። «ቲቸር፣ መጋረጃውን ብንዘጋ?» አልኳቸው። «ዝጉ፤ ከምሳ በፊት ግን ጨርሱ» አሉና ወንበራቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው በሩን ገርበብ አድርገው ፀሐይ ይሞቁ ጀመር።

ጥቁሩ መጋረጃ ሲዘጋ ክፍሉ ውስጥ ነበልባሉ ብቻ ቀረ። ሃያት ቱቦው ላይ ጎንበስ አለችና ወዲያው ቀና አለች። «የእኔ ዓይን ስንት ሰዓት ሙሉ ቢጫ ሲያይ ነው የዋለው፤ ደግሞም አልቅሻለሁ። ምንም አይታየኝም። አንተ እይ፤ እኔ ሽቦውን እይዛለሁ። እጅህን አላምነውም።»

ሳህኑ ውስጥ ለሁለት ጊዜ የምትበቃ ዱቄት ነበረች። የመጀመሪያዋን በሽቦው ነክታ አስገባች። ወደ ቱቦው ከመጎንበሴ በፊት አንዴ አየኋት። በዚያ ቢጫ ብርሃን ውስጥ ቀለም የሚባል ነገር ጠፍቶ ነበር፤ ቀዩ ሂጃቧ ጥቁር መስሏል። ዓለም ላይ ያለችው ቀለም አንዷ ስትሆን ሰው እንዲህ ያምራል ብዬ አላውቅም ነበር።

ጎንበስ አልኩ። ጨለማ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። ጨለማ ነው። ደግሞ ጠበቅሁ። ቀይ ራሱ ሊያልቅ በሚልበት ዳር ላይ፣ ሊጠፋ እንደተቃረበ ፍም ያለ ነገር ብቅ አለ። አልተንቀሳቀሰም። ትኩር ብዬ ሳየው አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። በጣም የተጠጋጉ፣ ግን ያልተነካኩ ሁለት ደብዛዛ ቀይ መስመሮች፤ ቲቸር እንዳስተማሩን እዚያ ዳር ላይ እንዲህ ያለ ጥንድ ያለው አንድ ብቻ ነው። ፖታሲየም።

ፖታሲየም ማለት ፋርማሲ ማለት ነው። ፋርማሲ ማለት ጅማ ማለት ነው። ጅማ ደግሞ ከሳጉሬ አይታይም፤ ጭላሎ ላይ ቢወጡም አይታይም።

«አየህ?» አለች።

ሁለቱ መስመሮች ቆመዋል።

«አንተ፣ ዱቄቷ እየነደደች ነው። ምንም የለም?»

ምንም የለም ማለት ቀላል ነበር። መዋሸት እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ዝም ማለት ብቻ። ዱቄቷ ነድዳ ታልቃለች፤ ሁለተኛዋም እንደዚያው። ማንም አይወቅሰኝም። ቢጫውን ያመጣው ጭኮ ነው፤ ጭኮውን የላከችው እማዬ ናት።

«ዳር ላይ ነው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ቀዩ የሚያልቅበት ቦታ። ሁለት ናቸው፣ ተጠጋግተው። ነይ አንቺም እዪ፤ ያላየሽውን መጻፍ አይቻልም።»

ሽቦውን ሰጠችኝ። የማይታመነው እጄ የመጨረሻዋን ዱቄት ያዘ። እሳቱ ውስጥ አስገባኋት። እሷ ጎንበስ አለች።

«የለም» አለች።

«ጠብቂ። ዓይንሽ ይልመድ።»

«የለም እኮ... ኧረ የለም... ቆይ። ቆይ!» እጅጌዬን ጨመደደችኝ። «አሉ! ወላሂ አሉ! ሁለት ናቸው! አቤት ሲያምሩ፣ እዚያ ዳር ተቀምጠው!»

ሽቦው ላይ የነበረችው ዱቄት አለቀች። ነበልባሉ ተመልሶ ሰማያዊ ሆነ፤ ክፍሉም ጨለመ። እጅጌዬን ግን አልለቀቀችም።

«ቅድም ስጠይቅህ ለምን ዝም አልክ?» አለች በጨለማው ውስጥ።

«መቼ?»

«ሁለቴ ጠየቅሁህ። አይተህ ነበር።»

«ትንሽ ቀደም ብዬ አይቼ ነበር» አልኩ።

«ታዲያ ምን ስታደርግ ነበር?»

አንድ ሴሚስተር ሙሉ ያዘጋጀሁት ብዙ ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም።

«ስሰናበትሽ» አልኳት።

 በረንዳው ላይ የቲቸር ወንበር ተንቋቋ።

«ልጆች፣ ጨረሳችሁ?» አሉ ከውጭ። «መጋረጃውን ክፈቱት እንጂ!»

«እሺ ቲቸር» አለች ሃያት። እሺ አለች እንጂ አልተነሳችም።